አቶ ዘለቀ ያዩት መዝገብ

ባለፈው ሳምንት አብሮኝ የሚሠራ እዮብ የሚባል ወጣት የጻፈውን ኮድ እያየሁለት አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። ተጠቃሚው አንድ መዝገብ ከፍቶ፣ አይቶ ብቻ ሲዘጋው፣ ፕሮግራሙ ምንም ያልተነካውን መዝገብ እንዳለ መልሶ ዳታቤዙ ላይ ይጽፈዋል።

«ይሄ ለምን ይጻፋል?» አልኩት።

«ያው የነበረው ነው እኮ የሚጻፈው፤ ምን ይጎዳል?» አለኝ። የምሳ ሰዓት ደርሶ ስለነበር ዓይኑ በሩ ላይ ነበር።

አስተካክለው ብዬው ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። በሃያ ስድስት ዓመቴ እኔም ይህንኑ ጥያቄ ጠይቄ ነበር፤ የጠየቅሁት ደግሞ ከእኔ በሥራም በዕድሜም የሚበልጥ ሰው ነበር። ለእዮብ ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው። የመሬት ነገር ስላለበት ትንሽ ይረዝማል፤ በእኛ አገር የመሬት ነገር አጭር ሆኖ አያውቅም።

ዘመኑ የቀድሞው ገዢ ግንባር ዘመን ነው፤ ለገበሬው ሁሉ የመሬት ደብተር ይታደል የነበረበት ጊዜ። የየማሳው ስፋት፣ አዋሳኝና ባለይዞታ በወረቀት ተመዝግቦ ካለቀ በኋላ፣ ያን ወረቀት ኮምፒውተር ውስጥ እናስገባው የሚል አንድ ፕሮጀክት ምዕራብ ጎጃም ላይ ተጀመረ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ከተዘጋም ቆይቷል። ሰርቨሩ ፍኖተ ሰላም ተቀመጠ፤ ቡሬ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ቢሮ በስልክ መስመር ከእሱ ጋር ተገናኘች። ፕሮግራሙ የተሠራው ጃቫ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ነበር፣ ያኔ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ይመኩበት በነበረው ከባድ ዓይነት ጃቫ። እኔ የተቀጠርኩት ፍኖተ ሰላም ተቀምጬ ፕሮግራሙን እንዳሻሽልና እንድጠብቅ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ቡሬ እሄዳለሁ።

ሥራውን የተቀበልኩት ወድጄው አይደለም። አባቴ ደሴ ላይ ሲሞት እኔ አዲስ አበባ ሥልጠና ላይ ነበርኩ። ፈተና አለባት ተብሎ ሳልሰማ ተቀበረ፤ መርዶው የተነገረኝ በስድስተኛው ቀን ነው። ቤት ስደርስ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሉኝ፤ እኔ ቆሜ አየኋቸው። እንባ አልመጣም። አክስቶቼ «ደረቅ ናት» አሉኝ፤ ልክ ናቸው። ከአርባው በኋላ የትም ሂጂ ቢሉኝ እሄድ ነበር፤ ፍኖተ ሰላም ሂጂ አሉኝ፣ ሄድኩ።

የእነዚያን ወራት ነገር ሳስታውስ ሁሉም ድምፁ እንደተዘጋ ቴሌቪዥን ነው። ከተማዋ ትሞቃለች፤ የደሴን ብርድ ለለመደ ሰው የጥሯ ፀሐይ እንደ ግንቦት ነው። በተከራየሁበት ግቢ ሁለት የማንጎ ዛፎች ነበሩ፤ ፍሬው ሲደርስ አከራዬ በሳህን ያመጡልኝ ነበር። እበላዋለሁ። ጣፋጭ እንደነበር የማውቀው ሰው ሁሉ ስለሚለው ብቻ ነው። ወደ ቡሬ የሚወስደኝ ሚኒባስ ሲሞላ አንድ ሰዓት፣ ሲሄድ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ጭኔ ላይ የሰው ዶሮ ተቀምጦ እንደሄደ የማስተውለው ስወርድ ነበር። የቡሬው ቢሮ ሠራተኛ ይበልጣል ድንች ቅቅል በአዋዜ ይጋብዘኛል። የቡሬ በርበሬ ቀልድ አያውቅም፤ ዓይኔ ሲያለቅስ «በርበሬው ነው፣ አይዞሽ» ይለኛል፤ እኔም «አዎ፣ በርበሬው ነው» እላለሁ። የዚያ ዓመት እንባዬ በጠቅላላ ያ ነበር።

የፍኖተ ሰላሙ መዝገብ ቤት ኃላፊ አቶ ዘለቀ ይባሉ ነበር፤ ትውልዳቸው ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም አካባቢ። ጡረታቸው ደርሷል። በዚያ ሙቀት ኮታቸውን አያወልቁም፣ ጃንጥላቸውን በበጋም ይይዛሉ። ቢሮ የገባሁ ሰሞን ጥቁር መልበሴን አይተው ማን እንደሞተብኝ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። በቀጣዩ እሑድ ከባለቤታቸው ጋር ክፍሌ ድረስ መጥተው ለቅሶ ደረሱኝ። አንድ ወንበር ብቻ ስለነበረኝ እሳቸው ወንበሩ ላይ፣ ባለቤታቸው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አንድ ሰዓት ያህል ብዙም ሳይናገሩ ቆዩ፤ ሲነሱ «እግዜር ያጥናሽ» ብለው ሄዱ። በዚያች ከተማ ለአባቴ ለቅሶ የደረሰኝ ሌላ ሰው የለም። ያን ጊዜ ይሄም ምንም አልመሰለኝም።

በወረቀቱ ዘመን አንድ ልማድ ነበር። ፋይል የከፈተ ሠራተኛ ሁሉ ሽፋኑ ላይ «አይቻለሁ» ብሎ ይፈርማል። ባይወስን፣ ባይለውጥ፣ አንዲት ነጥብ ባይጨምር፣ ማየቱ ይፈረማል። ኮምፒውተሩ ሲመጣ ሽፋንም ፊርማም ቀረ፤ አቶ ዘለቀን ያሳሰባቸው ይሄ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ማሽንሽ ማየቴን አያውቅልኝም» አሉኝ። «ነገ አንድ ነገር ቢበላሽ፣ ዘለቀ ሳያየው ነው የተበላሸው እንዲሉኝ ነው?»

ማየታቸውን የሚያሳይ መስመር አደርግልዎታለሁ አልኳቸው፤ አደረግሁም። ቀላሉ መንገድ ይህ ነበር፦ ሰው መዝገብ ከፍቶ ሲዘጋ፣ ፕሮግራሙ የሰውየውን ስም ከታች ጨምሮ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች እንደገና ይጽፈዋል። አቶ ዘለቀ «ተመዝግቧል» የሚለው ቃል ብቅ ሲል ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ሲገቡ ክርክር ያለባቸውን መዝገቦች አንድ በአንድ ይከፍታሉ፤ እያነበቡ፣ በወረቀት እያመሳከሩ፣ ሻይ ጠጥተው እየተመለሱ፣ ለምሳ ሲወጡ ሁሉንም ይዘጋሉ። እንደሳቸው የሚሠራ ሰው በዚያ ቢሮ አልነበረም።

አዲስ አበባ ያለው የፕሮግራሙ ዋና ሠሪ ኮዴን አይቶ ደወለልኝ።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው የሆነብሽ» አለኝ። «ለማየት ብቻ የተከፈተ መዝገብ አይጻፍም። ተለውጧል ወይስ አልተለወጠም የሚል ምልክት አኑሪበት፤ ካልተለወጠ ዝም ብሎ ይዘጋ። የማየቱን ጉዳይ ለብቻው ሌላ ሠንጠረዥ ላይ አድርጊው።»

«ያው የነበረው ነው የሚጻፈው፤ ምን ይጎዳል?» አልኩት።

«አንድ ቀን ይጎዳል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ሥሪው።»

እሺ አልኩ። ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፌ ከኮምፒውተሩ ሥር ሸጎጥኩት። ይህ የካቲት ላይ ነው፤ ግንቦት ሲገባ ወረቀቱ እዚያው ነበር። ሰነፍ ሆኜ አይደለም፤ ሌላ ሥራ ስሠራ ነበር የምውለው። ግን ያን ጊዜ የትኛውም ነገር ከሌላው አይበልጥብኝም ነበር፤ ስለዚህ አጠገቤ ያለውን አነሳለሁ፣ ራቅ ያለውን እተወዋለሁ።

ግንቦት ላይ ወይዘሮ እናኑ ቡሬ ቢሮ መጡ። ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው የመጡት። ባላቸው ታመው ባሕር ዳር ተኝተው በነበረ ጊዜ ወንድምየው ደምሴ ማሳውን በራሱ ስም አስመዘገበው፤ ባላቸው በዚያው ሞቱ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ሰማ፣ ማሳው የእናኑ ነው ብሎ ወሰነ። ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ በፕላስቲክ ጠቅልለው በመቀነታቸው ይዘውታል። ክረምት ሳይገባ በስማቸው ደብተር ካልወጣ፣ ደብተር የያዘ ያርሳልና ደምሴ በሬውን ሊያስገባ ነው።

ይበልጣል የደምሴን ስም አጥፍቶ የእሳቸውን ጻፈ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ሴትዮዋ ፊደል አይለዩም፤ አብራቸው የመጣችው ልጃቸው ስክሪኑን እያየች አነበበችላቸው።

«እዚህ ውስጥ ኸገባ እንግዲህ አይጠፋም?» አሉ፣ ወደ እኔ ዞረው።

«አይጠፋም እናቴ» አልኳቸው።

ደብተሩ በሳምንቱ ፍኖተ ሰላም ታትሞ ወጣ፤ በደምሴ ስም። ሴትዮዋ ተመለሱ፤ ይበልጣል ይቅርታ ጠይቆ እንደገና አስተካከለ። ሁለተኛውም ደብተር በደምሴ ስም ወጣ። በሦስተኛው አቤቱታ ወይዘሮ እናኑ ራሳቸው ፍኖተ ሰላም ድረስ መጡ፤ ከኮሚቴው ሁለት ሽማግሌዎች አብረዋቸው ነበሩ። ግቢው ውስጥ ቆመው አልጮኹም። «እኛ የፈረድነውን እዚህ ማን ነው የሚያፈርሰው?» ነው ያሉት ሽማግሌዎቹ፣ ደጋግመው።

የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ጠራኝ። በሩ ክፍት ነበር፤ ሽማግሌዎቹ፣ ወይዘሮ እናኑ፣ ከኋላ ደግሞ የቢሮው ሰው ግማሹ ቆሟል። «ማሽኑ የጻፈውን ሰው ያውቃል አይደል?» አለኝ። «ከይበልጣል በኋላ ይሄን መዝገብ የጻፈው ማን ነው?»

ከፈትኩት። አነበብኩ። «አቶ ዘለቀ» አልኩ።

«መጀመሪያውንስ?»

«እሱንም አቶ ዘለቀ።»

አቶ ዘለቀ ከሰዎቹ ኋላ ነበሩ። «እኔ አይቻለሁ እንጂ አልነካሁም» አሉ። ያመናቸው አልነበረም፤ ምክንያቱም እኔ የተጠየቅሁትን መልሼ ዝም ብያለሁ።

ጠረጴዛዬ ጋ ስመለስ መዝገቡ የተከፈተበትንና የተጻፈበትን ሰዓት አየሁና ወዲያው ገባኝ። አቶ ዘለቀ መዝገቡን የከፈቱት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ ገና በደምሴ ስም ሳለ። ይበልጣል ቡሬ ላይ ሆኖ ያስተካከለው አምስት ሰዓት ላይ። አቶ ዘለቀ ለምሳ ሲወጡ ሲዘጉት፣ ፕሮግራሜ ጠዋት የያዘውን አሮጌውን ቅጂ እንዳለ በአዲሱ ላይ ጻፈበት። አቤቱታው ሲደጋገም እሳቸው ደግሞ ይበልጥ ተጠነቀቁ፣ በየጠዋቱ ከፍተው ይጠብቁት ጀመር። መዝገቡን ያበላሸው መጠበቃቸው ነው፤ መጠበቃቸው እንዲያበላሽ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ሥራ አስኪያጁ ጉዳዩ እስኪጣራ ቤትዎ ይቆዩ አላቸው። ከሰዓት በኋላ ጃንጥላቸውን ይዘው ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው። እኔ ቁጭ ብዬ ያን የግማሽ ቀን ሥራ እየሠራሁ ነበር። የለውጥ ምልክቱን አኖርኩ፤ የ«አይቻለሁ»ን ነገር ወደ ሌላ ሠንጠረዥ ወሰድኩ። ሞከርኩት፤ ይሠራል። ለማንም ሳልናገር አስገባሁት። ሰው ሲያጠፋ መጀመሪያ ጥፋቱን ያስተካክላል፣ ከዚያ ይናገራል ብዬ ነበር ለራሴ ያልኩት።

ይበልጣል በማግሥቱ የወይዘሮ እናኑን ስም ለሦስተኛ ጊዜ ጻፈ። ስሙ አልተነቃነቀም። ደብተራቸው ወጣ፤ በጊዜ አረሱ፤ እሳቸው ዳኑ። ሌላም መዝገብ ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ አልተመለሰም። እዚህ ላይ ነው ያላሰብኩት ነገር የመጣው።

«አየሽ?» አለኝ ይበልጣል ድንቹን እየላጠ። «ሰውዬው ሲወጡ ነገሩም ቆመ።»

ሁሉም እንዲህ ይል ጀመር። ደምሴ በግ ነድቶላቸዋል ተባለ፤ ቀጥሎ በጉ ሁለት ሆነ፤ አንዱ ነጭ ነው እስከ ማለት ተደረሰ። ያስተካከልኩት ነገር ለወሬው ማስረጃ ሆነ። ከሳቸው ጋር ያረጁ አንዳንድ ሰዎች «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይሉ ነበር። እያደረ አልጠራም፤ የሚያጠራው ሰው ዝም ብሏልና። እኔም ጠዋት ገብቼ ማታ እወጣለሁ፤ ሽሮዬን እበላለሁ፤ እተኛለሁ። እንቅልፍ እንኳ አላጣሁም። ይህን የምጽፈው ማፈር እንዳለብኝ ስለማውቅ ነው፤ ያኔ ግን አላፈርኩም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ እሑድ ቀን ቤታቸው ሄድኩ። ዝናብ ጀምሮ ስለነበር ጫማዬ ጭቃ በጭቃ ነበር። አቶ ዘለቀ ያለ ኮት፣ በሹራብ፣ የጓሯቸውን አጥር ያስራሉ። ያለ ኮት አይቻቸው ስለማላውቅ መጀመሪያ ሌላ ሰው መስለውኝ ነበር። ባለቤታቸው የተቆላ ሽምብራ በሰፌድ አቀረቡልኝ። ቀጭን መስለው ታዩኝ ሁለቱም።

ሁለት ወረቀት አውጥቼ አስረዳኋቸው። አንዱ ላይ ደምሴ ብዬ ጻፍኩ፤ ለእሳቸው ሰጠኋቸው። ሌላው ላይ እናኑ ብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «እርስዎ የያዙትን ምንም ሳይነኩ መልሰው በዚህ ላይ ያኑሩት» አልኳቸው። አኖሩት። እናኑ ከሥር ተሸፈነች። ለአርባ ዓመት መዝገብ የያዙ ሰው ናቸው፤ ሁለተኛ ማስረዳት አላስፈለገም።

«ታዲያ ይህ እንዳይሆን ማድረግ ይቻል ነበር?» አሉኝ።

«ይቻል ነበር። ተነግሮኝ ነበር። ሳልሠራው ቀረሁ።»

ወረቀቶቹን አጣጥፈው መለሱልኝ። ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ፣ ለኔ ለምን ትነግሪኛለሽ?» አሉኝ። «እኔማ አለመንካቴን አውቃለሁ።»

ሽምብራውን ብዪ አሉኝ፤ ትንሽ በላሁ። ባለቤታቸው እስከ በር ሸኙኝ፤ «እናትሽ ደኅና ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ጋ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። ሰማኝ። ሞኝ ሰው አልነበረም፣ ክፉም አልነበረም።

«ይሄን ለሰው ብናወራ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ?» አለኝ። «ማሽኑ ተሳሳተ ካልን፣ እስካሁን ያተምነውን ደብተር ሁሉ ገበሬው ተሸክሞ ይመልስልናል። የተሸነፈ ሁሉ ማሽኑ ነው ይላል። አቶ ዘለቀ ጡረታቸውን ጠይቀዋል፤ በሰላም ይወጣሉ። ክስ የለ፣ ቅጣት የለ። ይብቃ።»

እሺ አልኩ። ለይበልጣል ልነግረው እችል ነበር፤ ለአከራዬ፣ ለእነዚያ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠ ሰው ሳይቀር። ማንም አፌን አልያዘኝም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እኔ ግን ለጥንቃቄ እንኳ አልነበረም ዝም ያልኩት፤ መናገርና አለመናገር አንድ መስለውኝ ነው። በዓመቱ ፕሮጀክቱ ተዘጋ፤ እኔም ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሄድኩ። የአባቴ ለቅሶ የመጣልኝ ከዚያ በኋላ በአራተኛው ዓመት ነው፤ አንድ ተራ ቀን፣ ሽንኩርት ገበያ ላይ ቆሜ፣ ያለ ምክንያት። ከዚያ በኋላ ሌላውም ሁሉ ቀስ በቀስ ይሰማኝ ጀመር፤ የአቶ ዘለቀ ነገርም ጭምር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለውን አባባል ሰው ሲጠቅሰው ከሰማሁ ተነስቼ እወጣለሁ።

እዮብን ያናገርኩት ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ ለይበልጣል ደወልኩ። አሁንም ቡሬ ነው ያለው፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለፋሲካ፣ እንደዋወላለን። ያለ በዓሉ ስለደወልኩበት ደነገጠ። አቶ ዘለቀ እንዴት ናቸው አልኩት።

«የቱ ዘለቀ?» አለ፤ ከዚያ ትዝ አለው፣ ሳቀም። «ያ በግ ተነድቶላቸው የሰው መሬት ያገላበጡት? ካረፉ ቆዩ እኮ። ቀብራቸው ላይ እንኳ ሰው የበጉን ነገር ሲያነሳ ነበር።»

ነገርኩት። ከ«አይቻለሁ» ጀምሬ እስከ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ድረስ፣ ምንም ሳላስቀር። ይበልጣል ራሱ ሁለት ጊዜ የጻፈውን ስም ማን እንዳጠፋው ያወቀው በዚያች ማታ ነው።

«ይሄን ሁሉ ዘመን?» አለኝ። «ምን ሆነሽ ነው?»

«ያን ጊዜ ምንም አይሰማኝም ነበር» አልኩት። እውነቴን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ያንን እንደ ምክንያት ይዤው ኖሬያለሁ፤ ምንም ያልተሰማው ሰው ማንንም አይጎዳም ብዬ ሳልል አልቀረሁም።

«እሳቸው ግን ይሰማቸው ነበር» አለኝ ይበልጣል።